ከገንዳው ጠርዝ ወዲህ

ከፊታችሁ የቆምኩት ስለ መኖሪያ ቤት መዋኛ ገንዳ ለመናገር ነው። ስለ ውሃው ግን ብዙ አልልም። ልናገር የመጣሁት ከገንዳው ጠርዝ ወዲህ ስላለው፣ ልጅ በእርጥብ እግሩ ስለሚሮጥበት ንጣፍ ነው።

ቤት ሲሠራ ገንዳው በውሉ ላይ በዝርዝር ይሰፍራል። የግድግዳው ውፍረት፣ የፌሮው ቁጥር፣ የፓምፑ ጉልበት፣ የሞዛይኩ ቀለም ሳይቀር ይጻፋል። ንጣፉ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው አንድ መስመር ነው፤ «ዙሪያው ይነጠፋል» ተብሎ ይታለፋል። ተራው እስኪደርስ ገንዘቡ ተመናምኗል፣ ባለቤቱ ደክሟል፣ ኮንትራክተሩም ዓይኑን ወደ ሌላ ሳይት አዙሯል። ከዚያ ሁለት ሦስት ክረምት ሲያልፍ ንጣፉ ይሰምጣል፣ የገንዳው ጠርዝ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ወደ ቤቱ መሠረት ይሄዳል። ያን ጊዜ «ድንጋዩ ጥራት የለውም» ይባላል። ድንጋዩ በአብዛኛው ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ ከድንጋዩ ሥር ነው። ማንም ሰው ድንጋይ ከመምረጡ በፊት ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቷል፤ ውሃው ወዴት ይሄዳል? ዛሬ የምለው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የሚመነጭ ነው።

መጀመሪያ መሬታችንን እንወቅ። በአዲስ አበባ ምሥራቅና ደቡብ፣ በቦሌ፣ በገርጂ፣ በአቃቂ ቃሊቲ፣ ከዚያም ወደ ቢሾፍቱ በሚወርደው ሜዳ ላይ በብዛት የምናገኘው ጥቁር አፈር ነው። ገበሬው መረሬ ይለዋል፣ ዋልካ የሚለውም አለ። በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት የሸፈነ አፈር ነው። በውስጡ ሞንትሞሪሎናይት የሚባል የሸክላ ማዕድን አለ። ይህ ማዕድን ውሃ ሲያገኝ በስስ ንብርብሮቹ መካከል እያስገባ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ ማሳው ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ሲያብጥ የሚገፋበት ኃይል በካሬ ሜትር 10 ቶን ሊደርስ፣ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ግን በካሬ ሜትር 240 ኪሎ ግራም ገደማ ነው የሚመዝነው። ስለዚህ ባለቤቱ «እንግዲያው ኮንክሪቱን እናወፍረው» ሲለኝ ገንዘቡን ያባክናል ብዬ እሰጋለታለሁ። መረሬን በክብደት ተጭኖ ማስቀመጥ አይቻልም። የሚቻለው ከንጣፉ ሥር አውጥቶ መጣል ነው፤ ሁሉንም ማውጣት ካልተቻለ ደግሞ የቀረው አንዴ እየራሰ አንዴ እየደረቀ እንዳይኖር መጠበቅ ነው።

ይህን እውቀት ከሩቅ አገር ማምጣት አያስፈልገንም። የደጋ ገበሬ መረሬ ሲያርስ ፈሰስ ያወጣል። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ቤተሰቡ ማሳው ላይ ወጥቶ፣ ውሃ ከእህሉ ሥር እንዳይተኛ ሰፋፊ መደብና ቦይ በእጁ ሲሠራ ኖሯል። የግብርና ተመራማሪዎችም ይህን ከእነዋሪ ገበሬ ተምረው ለሌላው አካባቢ ለማዳረስ ብዙ ደክመዋል። የከተማ ግቢ ውስጥ ስንገባ ግን ፈሰሱን ረስተን በሴራሚክ እንሸፍነዋለን። ይህ ያሳዝነኛል፤ አፈሩ ያው አፈር፣ ክረምቱም ያው ክረምት ነውና።

ከመካከላችሁ ዳላስ ዘመድ ያለው አይጠፋም። እዚያም ብዙው ቤት የቆመው በሚያብጥ ጥቁር ሸክላ ላይ ስለሆነ፣ ከዳላስ የሚላክላችሁ የገንዳ ምክር ለቦሌ ይሠራል። ከስቶክሆልም ወይም ከቶሮንቶ የሚላከው ምክር ግን ብዙው ስለ ውርጭ ነው፤ ውሃ በድንጋይ ቀዳዳ ገብቶ በረዶ ሲሆን ድንጋዩን ስለሚፈነክተው ነው የሚጨነቁት። ያ ጭንቀት የእኛ አይደለም። ለዚያ ተብሎ ውድ ድንጋይ ከመግዛት ገንዘቡን ከንጣፉ ሥር ወዳለው ሙሌት ማዞር ይሻላል።

ሙሌቱ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ ካየኋቸው የተበላሹ ንጣፎች አብዛኞቹ የተበላሹት እዚህ ላይ ነው። ለገንዳ የሚቆፈረው ጉድጓድ ከገንዳው ይሰፋል። ሠራተኛው ከግድግዳው ውጭ ቆሞ ፎርምወርክ የሚያቆምበት፣ ውሃ መከላከያ የሚቀባበት ስፍራ ስለሚያስፈልገው በየጎኑ 60 ወይም 80 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተዋል። ግድግዳው ሲያልቅ ይህ ክፍተት ይሞላል። በምን? እዚያው በወጣው መረሬ፣ በተሰበረ ብሎኬት፣ በባዶ የሲሚንቶ ከረጢት። በአካፋ ይጣላል፣ ላዩ ይረገጣል፣ በማግስቱ ድንጋይ ይነጠፍበታል። የክፍተቱ ጥልቀት 1.5 ሜትር ቢሆንና ሙሌቱ 5 በመቶ ብቻ ቢረግብ፣ ንጣፉ 7.5 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ያውም ሁሉም እኩል አይወርድም። ከገንዳው አጠገብ ያለው ሙሌቱ ላይ ነው፣ ራቅ ያለው ያልተነካ መሬት ላይ ነው። የመጀመሪያው ሲሰምጥ ሁለተኛው ባለበት ይቀራል፣ ንጣፉም ወደ ገንዳው ያዘነብላል። ከዚያ የክረምቱ ጭቃ፣ የአትክልቱ ማዳበሪያ፣ የመኪናው ዘይት ተጠርጎ ወደምትዋኙበት ውሃ ይገባል።

ሥራው እንዴት መሆን እንዳለበት ልንገራችሁ። የግድግዳው ኮንክሪት በደንብ ሳይጠነክር ሙሌት አይጀመርም። ለሙሌት የሚገባው የማያብጥ አፈር ነው፤ ገረጋንቲ ወይም ግንበኛው ሰሌክት ማቴሪያል የሚለው። አንዴ ተቆልሎ ከላይ አይደለደልም። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ንብርብር እየተነጠፈ፣ ውሃ በልኩ እየተረጨ፣ በኮምፓክተር ይጠቀጠቃል። ጥቅጠቃው በፕሮክተር መለኪያ 95 በመቶ መድረሱ በላብራቶሪ ሊረጋገጥ ይችላል፤ ምርመራው ለመንገድ ሥራ ብቻ የተፈጠረ አይደለም፣ ለቤታችሁም አስጠይቁ። ከግድግዳው አጠገብ ከባድ ሮለር አይቅረብ፣ ግድግዳውን ወደ ውስጥ ይገፋል። እዚያ በትንሿ ኮምፓክተር፣ ንብርብሩን አሳንሶ፣ በትዕግሥት ነው የሚሠራው። ይህ ሥራ ቀናት ይወስዳል፣ ካለቀ በኋላም ለዓይን የሚታይ ነገር የለውም። እንግዳ መጥቶ «ጥቅጠቃው እንዴት ያምራል» አይልም። ስለዚህ ነው ባለቤቱ ራሱ ሳይቱ ላይ መገኘት ያለበት።

ሌላም አለ። መረሬ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ በጠጠር ወይም ከቢሾፍቱ በኩል በሚመጣው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ሲሞላ፣ ውሃው በጠጠሩ በቀላሉ ይወርድና ከታች ያለው ሸክላ አላሳልፍ ይለዋል። ገንዳው ሳይታወቅ በሁለተኛ ገንዳ ውስጥ ይቀመጣል ማለት ነው። ስለዚህ በሙሌቱ ግርጌ የተበሳሳ የፒቪሲ ቱቦ፣ አፈር እንዳይደፍነው በጂኦቴክስታይል ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ወደ ዝቅተኛው የግቢው ጥግ ወይም ወደ ማንሆል ተዳፋት ተሰጥቶት ይቀበራል። ይህ ቱቦ ከተረሳ ምን ሊመጣ እንደሚችል አስቡት። 8 ሜትር በ4 ሜትር ስፋትና በአማካይ 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ 48,000 ሊትር፣ ማለትም 48 ቶን ውሃ ይይዛል። በነሐሴ ገንዳውን ልጠበው ብላችሁ ብታፈሱት ያ 48 ቶን ጭነት ይነሣል፣ ከውጭ ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ግን ወደ ላይ መግፋቱን አይተውም። ባዶ ገንዳ በዚህ ምክንያት ከመሬት የሚነሣበት ጊዜ አለ፤ መነሣቱን ቀድሞ የሚናገረውም ጠርዙ ላይ ያለው ንጣፍ ነው። ገንዳ የሚፈሰውና የሚታደሰው በበጋ ነው፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ።

ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ከተማ ስለ 48,000 ሊትር ስናገር ልቤ አይቀልም። ገንዳ ያለው ሰው በተሰነጠቀ ጠርዝ ውሃ ሲያፈስ ከጎረቤቱ ድርሻ ነው የሚያፈሰው። ስለዚህ የንጣፉን ጥራት የባለቤቱ ምቾት ብቻ አድርጌ አላየውም።

አሁን ከላይ ያለውን ውሃ እንመልከት። ንጣፉ ከገንዳው ወደ ውጭ መዘቅዘቅ አለበት፤ በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር በቂ ነው። 3 ሜትር ስፋት ያለው ንጣፍ ከጠርዙ እስከ ዳር 6 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። ዓይን አያየውም፣ ወንበርም አያናጋም፣ ውሃ ግን ያውቀዋል። ሲባጎ ሲወጠር ይህ ልዩነት ከመጀመሪያው ችካል ላይ ምልክት ይደረግ፤ አንጣፊው በውሃ ልክ ቀጥ አድርጎ ከጨረሰው በኋላ ማዘንበል አይቻልም። ጥሩ አንጣፊ ሁሉን ነገር ቀጥ ማድረግ ስለሚወድ፣ ይህን አስቀድሞ ካልነገራችሁት በሙያው ኩራት ራሱ ያሳስታችኋል። ዳር ላይ የወረደውን ውሃ የሚቀበል ቦይ ይኑር። በ60 ካሬ ሜትር ንጣፍ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 1,800 ሊትር ነው፤ በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ይህን ያህል መጣል ብርቅ አይደለም። ያ ሁሉ ወደ ቤቱ መሠረት ወይም ወደ ጎረቤት አጥር ከሄደ ጉዳቱ የሁለት ቤት ይሆናል፤ ጠቡም የሁለት ቤት ነው። ወደ ሣሩና ወደ አትክልቱ ቢመራ ግን ጥቅም ነው።

ኮንክሪት ይሻላል ወይስ ፔቪንግ ብሎክ? በመረሬ አካባቢ የእኔ ምርጫ ባለ 6 ሴንቲ ሜትር ብሎክ ወይም ድንጋይ፣ 3 ሴንቲ ሜትር በሚሆን አሸዋ ላይ የተነጠፈ ነው። ጥቂት ቢሰምጥ ይነሣል፣ አሸዋው ይስተካከላል፣ ያው ድንጋይ ተመልሶ ይገባል። የኮንክሪት ንጣፍ ግን ከተሰነጠቀ ጠባሳው አይለቅም። ኮንክሪት የግድ ከሆነ በየ2.5 ሜትሩ መገጣጠሚያ ይቆረጥለት፤ ስንጥቁ እኛ በመረጥነው መስመር ይውጣ።

ስለ መገጣጠሚያ ካነሣን፣ በገንዳው የጠርዝ ድንጋይና በንጣፉ መካከል 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት መተው አለበት፤ የሚሞላውም በሲሚንቶ ሳይሆን በሚለጠጥ ማሸጊያ ነው። ገንዳውና ንጣፉ ሁለት የተለያዩ አካላት ናቸው። አንዱ በውሃ የተሞላ፣ ሙቀቱ የማይለዋወጥ፣ መሠረቱ ጥልቅ ነው፤ ሌላው ፀሐይ ላይ የተዘረጋ ቀጭን ነገር ነው። 6 ሜትር ርዝመት ያለው ኮንክሪት ከሌሊቱ ብርድ እስከ ቀትሩ ፀሐይ 30 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ጥቂት ይመስላል፤ የሚሄድበት ካጣ ግን የጠርዙን ድንጋይ ገፍቶ ከግድግዳው ያላቅቃል፣ ከጀርባውም ውሃ ይገባል። ግንበኞቻችን ይህን ክፍተት ለጥራት ብለው በሲሚንቶ ይደፍኑታል። ሥራው ንጹሕ መስሎ እንዲታይ ከመጓጓት የመጣ ስለሆነ አልወቅሳቸውም፤ ግን አስቁሟቸው።

ወደ ድንጋዩ ደረስኩ። ከዱባይ ሆቴል የተነሣ ፎቶ ይዞ የሚመጣ ባለቤት አለ፤ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሰማይ የሚታይበት ንጣፍ። እባካችሁ የሚያብረቀርቅ ነገር ገንዳ ዳር አታንጥፉ። ጀርመኖች ለባዶ እግር የሚሆን መመዘኛ አላቸው፤ ሰው ጫማውን አውልቆ፣ የሳሙና ውሃ በሚፈስበት የናሙና ንጣፍ ላይ ይራመዳል፣ ሰሌዳው ቀስ በቀስ እየተዘቀዘቀ ይሄዳል። እግሩ መንሸራተት የጀመረበት ማዕዘን ይመዘገባል። 12 ዲግሪ የቻለ «ኤ»፣ 18 የቻለ «ቢ»፣ 24 የቻለ «ሲ» ይባላል። ለገንዳ ዙሪያ «ቢ»፣ ወደ ውሃ ለሚወርድ ደረጃ «ሲ» ያስፈልጋል። ሻጩ «አር 11 ነው፣ አያንሸራትትም» ቢላችሁ፣ ያ ቁጥር በጫማና በዘይት የተፈተነ ሌላ መለኪያ መሆኑን ንገሩት። መመዘኛው የተጻፈበት ወረቀት ከሌለ አንድ ናሙና ተውሳችሁ፣ ሳሙና አፍስሳችሁ፣ ዘንበል አድርጋችሁ በባዶ እግራችሁ፣ ሰው ደግፏችሁ ሞክሩት።

እምነ በረድና የኖራ ድንጋይ ሌላ ድክመት አላቸው፤ አሲድ ይበላቸዋል። የገንዳ ውሃ ፒኤች ከ7.2 እስከ 7.8 እንዲሆን አሲድ ይጨመራል፣ ሲጨመርም ጠርዙ ላይ ይንጠባጠባል። በጥቂት ጊዜ ድንጋዩ ይቦረቦራል። ባዛልቱ፣ ጥቁር ድንጋያችን፣ ለዚህ ሁሉ ጠንካራ ነው፤ ችግሩ በቀትር የሕፃን እግር የሚያቃጥል መሆኑ ነው። በድሬዳዋ ወይም በአዋሽ ጭራሽ አይመከርም። በአዲስ አበባ ብርድ ላይ፣ ጥላ ካለው፣ እመርጠዋለሁ። በከተሞቻችን የኮብልስቶን ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ድንጋይ መጥረብ ተምረዋል፤ ይህ የተከማቸ ሙያ ነው። ኮብልስቶኑን እንዳለ ገንዳ ዳር አታንጥፉት፣ ጉብታው እግር ያሳምማል፣ ክፍተቱም ቆሻሻ ይይዛል። ጠራቢውን ግን ጥሩት። ላዩ በማሽን የተቆረጠ፣ ከዚያ በመዶሻ በስሱ የተወቀረ፣ ጠርዙ የተሞረደ የባዛልት ድንጋይ እዚሁ አገር በእጃቸው ይወጣል።

ድንጋዩ ከመነጠፉ በፊት የሚያልቁ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም የሰው ሕይወት ጉዳይ ናቸው። የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ነው። እርጥብ ሰው በባዶ እግሩ ኮንክሪት ላይ ቆሞ የብረት መሰላሉን ሲይዝ፣ በእግሩና በእጁ መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ካለ ኤሌክትሪክ በሰውነቱ ያልፋል። ስለዚህ በንጣፉ ሥር ያለው የፌሮ መረብ፣ መሰላሉ፣ የመብራቱ ብረት፣ የፓምፑ አካል በአንድ የመዳብ ሽቦ ይታሰራሉ፤ ሁሉም እኩል ቮልቴጅ ላይ ሲሆኑ በሰውየው የሚያልፍ ነገር አይኖርም። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ ይህ ትስስር ከገንዳው ግድግዳ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ እንዲዘረጋ ያዛል። ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ መረቡን ማግኘት አይቻልም፤ ኤሌክትሪሺያኑ ከአንጣፊው በፊት ይምጣ። የአትክልት መብራትና ሶኬትም ከጠርዙ ይራቁ፤ ያሉትም 30 ሚሊ አምፔር ላይ በሚቆርጥ መከላከያ ይጠበቁ።

ሁለተኛው አጥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 236,000 ሰዎች ውሃ ውስጥ ሰጥመው እንደሞቱ ገምቷል። ትንሽ ልጅ ሲሰምጥ አይጮህም፤ እናት ስልክ አንሥታ እስክትመለስ ያልቃል። አውስትራሊያ ገንዳ ያለው ቤት ቢያንስ 1.2 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ከሥሩ ከ10 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ክፍተት የሌለው፣ በሩ ራሱን በራሱ የሚዘጋ አጥር እንዲኖረው ታስገድዳለች። የአጥሩ ቋሚዎች መሠረት ከንጣፉ በፊት ይቀበራል። «በኋላ እናደርገዋለን» ለተባለ አጥር፣ የተነጠፈውን ውብ ድንጋይ ለመብሳት ማን ይደፍራል? ሳይሠራ ይቀራል።

ስለ ዛፍም አንድ ነገር ልበል። ጎንደር የአጼ ፋሲልን መዋኛ ያየ ሰው፣ የትላልቅ ዛፎች ሥር የድንጋዩን ግንብ እንዴት አቅፎ እንደያዘ ያውቃል። እዚያ ከዘመናት በኋላ ውበት ሆኗል። በእናንተ ግቢ ግን የሾላ ወይም የዋርካ ችግኝ ገንዳ ዳር አትትከሉ። ባሕር ዛፍም ከዚያው ይራቅ፤ ከመረሬ ውስጥ ውሃ ስለሚመጥ አፈሩ በአንድ ወገን ይኮማተራል፣ ንጣፉም ወደዚያ ይሰምጣል።

ሥራው ተጠናቀቀ ሲባል፣ የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈረማችሁ በፊት ጎማ ገጥማችሁ ከገንዳው ጠርዝ ላይ ውሃ ልቀቁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ይፍሰስ፣ ዘግታችሁ ጥቂት ቆዩ። ውሃ ያቆረባቸውን ቦታዎች በጠመኔ አክብቡ፣ እነዚያ ድንጋዮች ተነሥተው ይስተካከሉ። ወደ ገንዳው የተመለሰ ውሃ ካለ ተዳፋቱ ተሳስቷል። ቦዩን ተከትላችሁ ሂዱ፣ ውሃው ከግቢ የሚወጣበትን ቦታ በዓይናችሁ እዩ፣ ከሙሌቱ ግርጌ የመጣው ቱቦ አፍም ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። ጉድጓድ ቆፍራችሁ ሙሌት ያልጀመራችሁ ካላችሁ ቅድሚያ ለእናንተ እሰጣለሁ፤ እጃችሁን አንሡ።